«ቤቶች!» ብሎ የሚጣራው ስክሪፕት

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ያኢር ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና ብራውዘሩን ከፈተ። ከገጹ ሥር ኮንሶል የሚባለውን ነጭ መስኮት አወጣና አንዲት አጭር መስመር ጻፈ። ቁልፉን ሲጫን ዝርዝር ወረደ፤ ፊልም የሚያጫውተው፣ ሰነድ የሚከፍተው፣ ካሜራ የሚያሠራው፣ ሁሉም ከነስሙ። ብራውዘሩ በሆዱ የያዘውን ዘረገፈው።

«ይኼ ያንተ ኮምፒውተር ስለሆነ ነው» አልኩት።

«አይደለም። ይቺን መስመር ገጹ ውስጥ ትጽፊያታለሽ፤ ከዚያ ገጹን የከፈተው ሰው ኮምፒውተር ላይ ሄዳ ትሠራለች። ሰውየው ደቡብ ኤይላትም ይኑር ሰሜን ጽፋት፣ እዚያው ጠይቃ እዚያው መልሱን ታገኛለች። በሰደር፣ ገባሽ?»

ኮርስ ላይ ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜም አልፌዋለሁ። ግን መማርና በዓይን ማየት ለየቅል ናቸው። እኔ እስራኤል አገር ፔታ ቲክቫ ከተማ ቁጭ ብዬ የጻፍኳት መስመር የማላውቀው ሰው ቤት ገብታ «ምን ምን አለህ?» ስትል ታየችኝና ሰውነቴን ወረረኝ። አዎ ለማለት ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደረግኩ፣ እኛ ኢትዮጵያውያን እንደምናደርገው።

ያኢር ደንግጦ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ማ ካራ? ምን ሆንሽ? ውሃ ላምጣልሽ?»

«ምንም አልሆንኩም፤ አዎ ማለቴ ነው።»

«እናንተ ዘንድ አዎ እንዲህ ከሆነ አይሆንም ስትሉ አምቡላንስ ልጠራ ነው» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሱ ጋር ስነጋገር አዎን በአፌ መናገር ለመድኩ።

ድርጅታችን ትንሽ ነበር። በጊቫት ሽሙኤል በኩል ባለው የከተማው ዳር፣ ከጎማ መጋዘን በላይ ያለ አንድ ፎቅ ነው። ሥራችን ማስተርጎም ነበር። ሐኪሙና ሕመምተኛው ክሊኒክ ተቀምጠው ገጻችንን ሲከፍቱ፣ እኛ ዘንድ ያለው አስተርጓሚ በካሜራ ብቅ ይልላቸዋል። ሩስኛ ነበረ፣ ዓረብኛ ነበረ፣ አማርኛ ነበረ።

አማርኛውን የያዘችው እትዬ ብርቄ ናት። ከእኔ ክፍል በስስ ግድግዳ ትለያለች፤ ስታስተረጉም ድምፅዋ ይሰማኛል። ሐኪም ቢያፋጥናት «ቆይ ዶክተር፣ ሰውየው ገና ሰላምታውን አልጨረሰም» የምትል ሴት ናት። በሳቅም አትታማም።

አሁን ሙያውን ለምትጀምሩ አንድ ነገር ላስረዳ። የዛሬ ብራውዘር ካሜራ ራሱ ይከፍታል። ያኔ አይችልም ነበር፤ ፕለጊን የሚባል ተጨማሪ ዕቃ ለብቻው መጫን ነበረበት። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ሳይሞላ ብራውዘሮቹ ፕለጊኖችን አንድ በአንድ አስወጧቸው፤ እኔ በገባሁበት ጊዜ ግን ያለ እነሱ ምሥል የለም።

ስለዚህ ገጹ ሲከፈት ስክሪፕት የምንለው የትእዛዝ ጽሑፍ የመጀመሪያ ሥራው ፕለጊኑ እዚያ ኮምፒውተር ላይ መኖሩን ማወቅ ነው። ካለ ምሥል ይከፍታል። ከሌለ በክሊኒኩ ጠረጴዛ ላይ ወዳለው ስልክ ይደውልና ድምፅ ብቻ ያገናኛል። ሐኪሙ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፍቶ ያስቀምጠዋል፤ ሁሉም ወደዚያ ይናገራል። ይህን የሚወስነው ስክሪፕት የኔ ኃላፊነት ሆነ።

ያኢር የመጀመሪያውን ሳምንት የፈጀው አንድ ነገር ሲያስተምረኝ ነው። «ብራውዘርን ስሙን አትጠይቂው፤ ይዋሻል» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው። ስምህ ማን ነው ሲባል አንዱ በሌላው ስም ይምላል፣ ያም በሦስተኛው። የዘር ሐረጋቸውን ሲቆጥሩ ብትሰሙ ሁሉም የአንድ አያት ልጆች ይመስሏችኋል። ስሙን ትቶ ያለውን ዕቃ መጠየቅ ይሻላል ተባለ፤ የእኛም ስክሪፕት ያን የዕቃ ዝርዝር ነበር የሚያነበው።

በጋው ሲጋመስ እትዬ ብርቄ የጆሮ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ክፍሌ ገባች።

«አንድ አዛውንት አሉ፤ አባ ተገኘ ይባላሉ። ሁለት ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ዶክተሩ ኒቱአህ ይሁን ወይ፣ ቀዶ ጥገናውን ይፈቅዳሉ ወይ ብሎ በእኔ በኩል ይጠይቃል። እጠይቃለሁ፣ ዝም። ደግሜ እጠይቃለሁ፣ ዝም። ባለፈውም እንዲሁ ሆነ። ዶክተሩ ፈቃደኛ አይደሉም ብሎ ጻፈባቸው።»

«ምናልባት ፈርተው ይሆናል» አልኳት።

«ፈርተው ቢሆን ፈራሁ ይላሉ። እኔ ፊታቸውን አላይ! ከዚያ ክሊኒክ የሚመጣልኝ ሁልጊዜ ድምፅ ብቻ ነው። ሦስተኛ ቀጠሮ ሰጥተዋቸዋል። አሁንም ዝም ካሉ ቶራቸው፣ ማለት ተራቸው፣ ለሌላ ይሰጣል። አንደኛው ዓይን ጨልሟል፣ ሌላው እየተከተለው ነው።»

በማግሥቱ የአባ ተገኘ ልጅ ዝናሽ ደወለች። ፋብሪካ ፈረቃ ላይ ስለሆነች አባቷን ወደ ሐኪሙ የምታስገባቸው ነርሷ ነበረች። ለቀዶ ጥገና ፈቃድ ደግሞ ክሊኒኩ የቤተሰብ ትርጉም አይቀበልም። ሰላም ሳትለኝ ጀመረች፦

«አባቴ እሺ ብሏል! ሁለቴ እሺ ብሏል! እናንተ ጆሮ የላችሁም?»

መቼም ሰው ሲጮህብኝ መጮህ ይቀናኛል። ያን ቀን ግን አልጮህኩም። አንዷ ዝም አሉ ትላለች፣ ሌላዋ እሺ አሉ ትላለች፤ ሁለቱም አይዋሹም። «ዛሬ ከሥራ ስወጣ ልምጣ?» አልኳት። ክፋር ጋኒም የሚባል ሰፈር ነው የሚኖሩት፤ በአውቶቡስ ቅርብ ነው።

የቤታቸው ደወል ቁልፍ ተሰብሮ ነበር። በበሩ ሥር መብራት ይታያል፣ ራዲዮም ይሰማል። ያለ ፈቃድ በር መግፋት ነውር ነውና እንደ አገራችን ልማድ «ቤቶች!» ብዬ ተጣራሁ። ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ የሽማግሌ ድምፅ «ደጆች! ግቡ!» አለ። ገባሁ።

አባ ተገኘ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀምጠዋል። ዝናሽ ከአጠገባቸው ቆማለች። ጉልበታቸውን ሳምኩና ከየት እንደመጣሁ ነገርኳቸው።

«አባ ተገኘ፣ ቀዶ ጥገናውን ይፈልጉታል?»

«ዓይኔን የማልፈልግ ምን ሆኜ ነው? የአውቶቡሱ ቁጥር አይታየኝ፣ የልጅ ልጄ መልክ አይታየኝ። በድምፃቸው ነው ሰውን የምለየው።»

«አስተርጓሚዋ ስትጠይቅዎት ታዲያ ምን አሏት?»

«እሺ አልኳት። ደግማ ጠየቀችኝ፣ አሁንም እሺ አልኳት። ሦስተኛ ስትጠይቀኝ ግን ይኼ ነገር ክፉ ቢኖርበት ነው ብዬ ተነሣሁ። ደህና ነገር ሦስት ጊዜ ይጠየቃል?»

«እሺ ሲሏት እንዴት ብለው ነው?»

ሽማግሌው ጥያቄዬ ገረማቸው። ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉና ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ። ጭል የምትል፣ ከከንፈር የማታልፍ ትንፋሽ። «እንዲህ ነዋ! ሌላ ምን እሺ አለ?» አሉ።

ያኔ ገባኝ። ያቺን ትንፋሽ ስልክ አያነሣትም። ጠረጴዛ ዳር የተቀመጠ ስልክ፣ እሳቸው ከወዲያ ማዶ፣ የአየር ማቀዝቀዣው እየጮኸ። ቅንድባቸውን ደግሞ እትዬ ብርቄ አታየውም። ሰውየው በግልጽ፣ በአክብሮት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዳሉት እሺ ብለዋል፤ እሺታቸው ግን ከክፍሉ አልወጣም። በጣም አዘንኩ፤ ደግሞም ተገረምኩ። የሰው ዓይን በአንዲት ትንፋሽ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

በማግሥቱ ከያኢር ጋር ሆነን መሐል ከተማ ያለው ክሊኒክ ሄድን። ካሜራው እስክሪኑ ላይ ጉብ ብሏል። ፕለጊኑ ተጭኗል፤ ያኢር ፋይሉን በዓይኑ አየው። ገጻችን ግን ሲከፈት «ድምፅ ብቻ» ይላል።

«ያ ካሜራ አንድም ቀን ሠርቶ አያውቅም፤ ጌጥ መስሎኝ ነበር» አለች ነርሷ።

ኮንሶሉን ከፈትኩና የመጀመሪያ ቀን የተማርኩትን መስመር ጻፍኩ። ባዶ ዝርዝር መጣ። እንደገና ጻፍኩ፣ አሁንም ባዶ። የክሊኒኩ ብራውዘር የድሮው ዓይነት ነው፤ ፕለጊኖቹን በዚያ ዝርዝር አያስመዘግብም፣ የሚያስቀምጣቸው ሌላ ቦታ ነው። ቤቱ ሙሉ ሆኖ ዝርዝሩ ባዶ። ስክሪፕታችን ባዶውን ዝርዝር አምኖ ወደ ስልክ ይሄድ ነበር።

መፍትሔው በሙያው የታወቀ ነው። ለድሮው ብራውዘር ዝርዝር አይጠየቅም፤ ፕለጊኑን በስሙ ለመፍጠር ይሞከራል። ከሌለ ሙከራው ይወድቃል። ሲወድቅ ገጹን ይዞት እንዳይወድቅ ከሥሩ መያዣ ይደረግለታል፤ «ሞክር፣ ከወደቀ ያዝ» ነው ነገሩ። እዚያው ተቀምጬ ጻፍኩት። ስክሪፕቱ «አለ» አለ። ያኢር ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

ምሥሉ ግን አልመጣም። ሰው ሊታይበት የሚገባው ሳጥን ግራጫ ሆኖ ቀረ።

ብዙ አፍጥጠን ካየን በኋላ ከገጹ አናት ላይ ቀጭን ቢጫ መስመር አየን። ብራውዘሩ «ይህ ዕቃ እንዲነሣ ትፈቅዳላችሁ ወይ?» እያለ ነው። ማንም አላየውም፣ ማንም አልፈቀደለትም። እኛ አሁን ብንፈቅድለትም ብራውዘሩ ሲዘጋ ይረሳዋል፤ በተከፈተ ቁጥር እንደ አዲስ ይጠይቃል። ፕለጊኑ አለ፤ ግን አልነቃም። ጭራሽ ከበፊቱ የባሰ ነው፤ እንዲህ ከተውነው ምሥልም የለ ስልክም የለ። የአባ ተገኘ ቀጠሮ ደግሞ በዚያው ሳምንት ነው።

«አለ ማለት አይበቃም፤ ሌላ መፈተኛ ያስፈልገናል» አለ ያኢር ስንመለስ። ምን ዓይነት እንደሆነ እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አላወቅሁም።

አውቶቡስ ውስጥ የዝናሽ በር ትዝ አለኝ። መብራት አይቻለሁ፣ ራዲዮ ሰምቻለሁ። ቢሆንም በመብራቱ አልገባሁም። ተጣራሁ፣ ጠበቅሁ፣ ሰው መለሰልኝ፣ ያኔ ገባሁ። ለፕለጊኑም ይኸው ነው የሚያስፈልገው።

ቢሮ እንደገባን መጻፍ ጀመርኩ። ገጹ ሲከፈት ስክሪፕቱ ፕለጊኑን በአንድ ጥግ በጣም ትንሽ አድርጎ ያስቀምጠዋል። «ስትነቃ በዚህ ስም ጥራኝ» ይለዋል። ከዚያ ይጠብቃል። ፕለጊኑ ራሱ መልሶ ከጠራ ነቅቷል ማለት ነው፤ ምሥሉ ይከፈታል። ካልጠራ ወዲያው ወደ ስልክ አይሮጥም። ቢጫውን መስመር የሚያመለክት ትልቅ ቀስት ያወጣና በዕብራይስጥ «እዚህ ተጭነው ፍቀዱ» ብሎ ይጽፋል፤ እንደገና ይጠብቃል። ያም ሳይሳካ ሲቀር ብቻ ነው ስልክ።

የሚጣራውን ክፍል በላቲን ፊደል «ቤቶች» ብዬ ሰየምኩት። መልሱን የሚቀበለውን «ደጆች» አልኩት። በእንግሊዝኛ መሰየም ነበረብኝ፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። እጄ ግን እምቢ አለኝ።

ኮድ ተጽፎ ሲያልቅ ያኢር ሳያየው አይወጣም። እያነበበ መጣና ስሙ ላይ ቆመ።

«ቤቶኽ» አለ፣ እኔ ለ«ች» የጻፍኩትን ch እንደ ዕብራይስጥ ልማድ «ኽ» ብሎ አንብቦ። በእነሱ «ውስጥ» ማለት ነው። «ጥሩ ስም ነው። ውስጡን ስለሚፈትሽ ነው አይደል? ዕብራይስጥ ኮድ ውስጥ ባይገባ ይመረጥ ነበር፤ ይሁን።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ደረሰ፤ አላረምኩትም። ወረድ ሲል ግን ሁለተኛውን አገኘው።

«ዴጆኽ? ይኼ ምንድን ነው?»

አሁን መናገር ግድ ሆነ። አማርኛ ነው አልኩት። አገራችን ላይ እንግዳ ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፤ ቤት ያሉት «ደጆች!» ብለው ይመልሳሉ፤ መልስ ካልመጣ አይገባም። ያኢር እስክሪኑን ደግሞ አየ። ከዚያ ተነሣና በራፋችን ላይ ቆሞ፣ በዚያ በዕብራይስጥ ጉሮሮው «ቤቶኽ!» ብሎ ጮኸ።

እትዬ ብርቄ ከግድግዳው ወዲያ፣ ማን እንደጠራ እንኳ ሳታይ፣ «ደጆች!» አለች።

ያኢር ወደኔ ዞረ። ዓይኖቹ ፈጠው ነበር። «መለሰች!» አለ። «ሳታስበው መለሰች!» እኔም ያን ጊዜ ነው የገረመኝ። ቃሉን እሱ በራሱ ቋንቋ አነበበው፣ እኔ በራሴ ጻፍኩት፣ እሷ በራሷ መለሰች፤ ሥራው ግን አንድ ነው። «ያላ፣ በይ አውጪው» አለኝ፤ ስሙም ሳይለወጥ ወጣ።

የቀጠሮው ቀን ከእትዬ ብርቄ ወንበር ኋላ ቆምኩ። ያኢርም ሥራ እንዳለው ሰው ወረቀት ይዞ መጣ፤ ወረቀቱ ባዶ ነበር። የክሊኒኩ ጥሪ መጣ። የእትዬ ብርቄ እስክሪን ላይ ሳጥኑ ግራጫ ነው። ጠበቅን። እዚያ ማዶ ነርሷ ቀስቱን ታያለች አታይም፣ ትጫናለች አትጫንም፣ ከዚህ ሆኜ ላደርግላት የምችለው ነገር አልነበረም።

ሳጥኑ ብልጭ አለና አባ ተገኘ መጡ። ነጭ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ አንገታቸውን ወደ ድምፁ ዘንበል አድርገው ተቀምጠዋል። እሳቸው እስክሪኑ አይታያቸውም። እኛ ግን የጢማቸውን ፀጉር ሳይቀር አየነው። እንባዬ መጣ።

እትዬ ብርቄ ሰላምታውን ሳታሳጥር አደረሰች። ከዚያ ጠየቀች፦ «አባ ተገኘ፣ ዶክተሩ ዓይንዎን በቀዶ ጥገና ላክምዎት ወይ ይላሉ። ይፈቅዳሉ?»

ድምፅ አልመጣም። ቅንድባቸው ግን ከፍ አለ፤ ደረታቸው ትንፋሿን ስቦ ትንሽ ተነሣ።

«ኬን፣ ዶክተር» አለች እትዬ ብርቄ ወዲያው። «እሺ ብለዋል።»

«እኔ ምንም አልሰማሁም» አለ ዶክተሩ።

«እኔ አየሁት።»

ዶክተሩ ወደ ሽማግሌው ዞሮ የራሱን ቅንድብ ከፍ አደረገና ትንፋሹን ሳበ፣ እንዲህ ነው ወይ እንደ ማለት። እትዬ ብርቄ ምን እንዳደረገ ነገረቻቸው። አባ ተገኘ ሳቁ። «ይኸው ገባው! ከመጀመሪያውም ብያለሁ እኮ፤ የምትነዘንዙኝ እናንተ ናችሁ» አሉ። ዶክተሩ ፈቃዳቸውን መዘገበ።

ቀዶ ጥገናው ተደረገ። የዓይን መሸፈኛው ከተነሣ በኋላ ለምርመራ ሲመለሱ እትዬ ብርቄ ግድግዳውን መታችልኝ፤ ሄድኩ። አባ ተገኘ እስክሪኑ ፊት ተቀምጠዋል። ዝናሽም ያን ቀን ፈረቃ ቀይራ ከኋላቸው ቆማለች።

«አባ ተገኘ፣ እንደምን ሰነበቱ?» አለች እትዬ ብርቄ።

ወደ እስክሪኑ ቀረቡ፤ ፊታቸው ሳጥኑን ሞላው።

«ይሰማዎታል አባ?»

«ይሰማኛል። አንቺ ነሽ እንዴ ስትጨቀጭቂኝ የነበርሽው?»

«እኔ ነኝ።»

አተኩረው አዩዋት፤ ረጅም ጊዜ። ዶክተሩም አልቸኮለም።

«ፍንጭት ነሽ እንዴ!» አሉ። «ድምፅሽ አልነገረኝም።»

እትዬ ብርቄ፣ ያቺ ሳቅ የማታውቀው ሴት፣ አፏን በእጇ ሸፍና ስትስቅ እንባዋ በጣቶቿ መሐል ወረደ። የሚቀጥለውን የዶክተሩን ጥያቄ ሁለቴ ማስደገም ነበረባት።

ከሥራው የያዝኩት ይህን ነው። አንድ ነገር አለ መባሉ እንደሚሠራ አያሳይም፤ ጠርቶ መልሱን መጠበቅ ነው። መልስ ካልመጣም፣ የለም ብሎ ከመጻፍ በፊት የሚሰማበትን መንገድ መፈተሽ ነው።